የማይምል ምስክር

ፍርድ ቤት ከሚቀርቡለት ማስረጃዎች ሁሉ ዳኛን እጅግ የሚያስቸግረው የባለሙያ ቃል ነው። ተራ ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ዳኛውም ዓይንና ጆሮ ስላለው የተነገረውን በራሱ የሕይወት ልምድ ይመዝነዋል። ከመሸ በኋላ፣ መብራት በሌለበት፣ ከሩቅ ሆኜ ፊቱን ለየሁት የሚል ሰው ቃሉ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማወቅ ልዩ ትምህርት አያሻም። ባለሙያው ግን የሚናገረው ዳኛው የማያውቀውን ነው፤ የተጠራውም ዳኛው ስለማያውቅ ነው። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ጉዳዩን ቢያውቅ ባለሙያ ባልጠራ ነበር፤ ካላወቀ ደግሞ ባለሙያው እውነት መናገሩን በምን ያረጋግጣል? ሁለት ባለሙያዎች ተቃራኒ ነገር ሲናገሩማ የትኛውን ይይዛል? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ችሎት ሲገባ ይህን እንቆቅልሽ አልፈጠረውም፤ አባሰው እንጂ።

ነገሩ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በአብዛኛው የሰው ልጅ ታሪክ የምስክር ቃል ዋስ የነበረው ፈጣሪ ነው። ምስክር የሚምለው፣ ዳኛ ሊያየው የማይችለውን ልብ የሚያይ አለ ተብሎ ነው። ስለዚህ የማይምል፣ የማይፈራና ቢሳሳት የማይጠየቅ ነገር ምስክር ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ጥያቄ ነው።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ ገደላማ ቋጥኝ ላይ የተቆረቆረች የጋሞ መንደር ናት። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያ ያካሄደውና በ1983 በመጽሐፍ ያወጣው ጥናት የኦቾሎን የአደባባይ ሸንጎ በዘርፉ ምሁራን ዘንድ አስታውቆታል። የጋሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ መናገር የፈለገ ተነሥቶ በሕዝብ ፊት ይናገራል፤ ውሳኔ የሚያዘው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ነገሩ ተብላልቶ፣ የተቃወመውም ሲለዝብ ነው። ለማስረጃ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ግልጽነት ነው። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሚዛመድ፣ ከማን ጋር በድንበር እንደተካሰሰ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ተናጋሪው ነገ ከቃሉ ጋር እዚያው መንደር ውስጥ ይኖራል።

ሆኖም ይህን ሥርዓት ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። በሸንጎው የመናገር ሙሉ መብት የነበረው ማላ የሚባለው ወገን አዋቂ ወንድ ነበር። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ እንዲሁም ሴቶች እንደ እኩል ተናጋሪ አይቆጠሩም ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት እውነት ከአደባባዩ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ክፍተቱ ደግሞ በስብሰባው ላይ ለተቀመጡት አይታያቸውም፤ ማን እንዳልተናገረ የሚቆጥር ስለማይኖር።

ከሸንጎው ጎን ሌላ የእውነት ማረጋገጫ ነበር፤ እሱም ጎሜ ነው። ጥፋት ከሰው ዓይን ሊሰወር ይችላል፣ ከጎሜ ግን አያመልጥም። ጎሜ ወግን መተላለፍም ነው፣ መተላለፉ የሚያስከትለው መቅሠፍትም ነው፦ ሕመም፣ መካንነት፣ የእህል መበላሸት፣ የዝናብ መጥፋት። መከራ ሲደርስ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ አዋቂ ይጠየቃል፤ ባለ ጥፋቱ ይናዘዛል፤ ዕርቅ ይወርዳል። እንደ ማስረጃ ሥርዓት ሲታይ ጎሜ አንድ ብርታትና አንድ ድክመት አለው። ብርታቱ ሐሰት የሚናገረውን ሰው ራሱን መያዣ ማድረጉ ነው፤ የዋሸ ሰው መቅሠፍቱ በራሱና በልጆቹ ላይ እንደሚመጣ ያምናል። ድክመቱ ደግሞ ከውጤት ወደ ጥፋት ወደ ኋላ ሲሄድ ምንም ነገር አለመከልከሉ ነው። ከብት ከሞተ አንድ ጥፋት መኖር አለበት፤ ከተፈለገ ደግሞ በየትኛውም ቤት ጥፋት አይታጣም።

በደጋው የአማራና የሸዋ አገርም ተመሳሳይ ነገር ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት ስርቆት ወይም ቃጠሎ ሲደርስ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን ሳይናገር አይበተንም። ሌባሻ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተውና ጢስ አጢሰውበት፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ለምን እዚያ ቤት እንደገባ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አያውቀውም። አውጫጭኝ ቢያንስ የሚናገር ሰው አለው። ሌባሻ ውጤት ብቻ ይሰጣል።

የፎረንሲክ ሳይንስም ከዱካ ወደ ድርጊት፣ ከውጤት ወደ ምክንያት የሚሄድ አስተሳሰብ ነው። ከጎሜና ከሌባሻ የሚለየው በዕቃዎቹ ብዛት ወይም በነጭ ጋውኑ አይደለም። የሚለየው «ይህ ሰው ባያደርገው ኖሮ ምን ይታይ ነበር?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ሲችል ነው። ይህን ጥያቄ የማይመልስ የምርመራ ዘዴ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ቢሠራም፣ ከሌባሻ ልጅ ብዙም አልራቀም።

የጋሞ ደጋ ለዚህ ክርክር ሌላም ነገር አበርክቷል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በኦቾሎ አቅራቢያ፣ በጨንቻ መንገድ ላይ ባለው ዶርዜ ውስጥ ጥናት ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። እዚያ ከሰማው ነገር አንዱ በኋላ በፍልስፍና መጻሕፍት ሁሉ ተጠቀሰ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ የኦርቶዶክስን ጾም ያከብራል ይላሉ፤ ግን ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቶቻቸውን ከነብር መጠበቅ አይተዉም። ስፐርበር ይህን የአላዋቂነት ምልክት አድርጎ አላየውም። ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት እምነት አለው አለ፦ አንዱ በዓይኑ አይቶ የሚኖርበት፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ሳይረዳው ከሚያከብረው ሰው ተቀብሎ የያዘው። ሁለተኛውን የሚሸከመው የነገሩ ግልጽነት ሳይሆን የተናጋሪው ክብር ነው። ዳኛ «የዘረመል ናሙናው ገጥሟል» የሚለውን ሪፖርት ሲቀበል እምነቱ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ስፐርበር ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች የሚነገራቸውን እንዲሁ እንደማይውጡ፣ የተናጋሪውን ብቃትና ቅንነት፣ የነገሩንም መገጣጠም በንቃት እንደሚመዝኑ አስረዳ። በዚያው ዓመት በሌላ ጽሑፍ ግን አንድ አስጊ ነገር አነሣ፦ አንድ ነገር ሳይገባን ሲቀር፣ በተናጋሪው ታላቅነት ካመንን፣ አለመግባቱን ራሱን የጥልቀት ማስረጃ አድርገን እንወስደዋለን። ለፍርድ ቤት ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። የባለሙያው ቋንቋ በከበደ መጠን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ያንሳል።

የምስክር እምነት ከየት ይመጣል በሚለው ላይ አውሮፓውያን ፈላስፎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተከራክረዋል። ዴቪድ ሂዩም ሰውን የምናምነው ከዚህ ቀደም ቃሉ ከነገሩ ጋር ሲገጥም ስላየን ነው አለ። ቶማስ ሪድ ደግሞ እውነት የመናገርና የሰውን ቃል የማመን ዝንባሌን በሰው ውስጥ የተከለው ፈጣሪ ነው፣ ሕፃን ልጅ ልምድ ሳይኖረው የሚያምነው ለዚህ ነው አለ። ለፎረንሲክ ጉዳይ ሂዩም ይሻላል። የአንድ ዘዴ ቃል ከነገሩ ጋር ስንት ጊዜ ገጠመ፣ ስንት ጊዜ ሳተ ብሎ መቁጠር ይቻላልና። ሪድ ግን ሂዩም ያለፈውን አንድ ነገር አይቷል፤ ቃል የሚሰጥ ሰው መረጃ ብቻ አያቀብልም፣ ራሱን ዋስ አድርጎ ያቆማል።

የሃይማኖት ሕጎች በዚህ ዋስትና ላይ ብቻ አልተማመኑም። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ምስክር ነገር አይጸናም፣ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል ይላል፤ የማቴዎስ ወንጌል ይህንኑ ይደግማል፤ ቁርኣንም በብድር ውል ላይ ሁለት ምስክር ያዝዛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ምስክሮች ማንነትና ብቃት በሰፊው ይደነግጋል። ቁጥሩ ግን ለብቻው ምንም አያደርግም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኘው የሶስና ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው። በሶስና ላይ የመሰከሩት ሁለት ናቸው፣ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ናቸው፣ ቃላቸውም አንድ ነው፤ የሕጉ መስፈርት ሁሉ ተሟልቶ ንጽሕት ሴት ልትገደል ነው። ዳንኤል ያደረገው ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻቸው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት መጠየቅ ነው። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ሁለት ምስክር የሚያሰኘው ሁለት አፍ መኖሩ አይደለም፤ አንዱ ሌላው የሚለውን ሳያውቅ መናገሩ ነው።

ይህ መመዘኛ በዘመናዊው ፎረንሲክ ላይ ሲሞከር የሚገኘው ነገር ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘ የጣት አሻራ ለአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ተላከ። ቢሮው አሻራው በኦሪገን ግዛት የሚኖረው የሕግ ጠበቃ ብራንደን ሜይፊልድ ነው አለ። ሜይፊልድ እስልምናን የተቀበለ ሰው ነበር። የቢሮው ሦስት መርማሪዎች ተስማሙ፤ ፍርድ ቤት የመደበው አራተኛ ባለሙያም አሻራው የሱ ነው አለ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራውን የአንድ አልጄሪያዊ ሆኖ አገኘው፤ ሜይፊልድም ተለቀቀ። አራት ሊቃውንት ተስማምተው አራቱም ተሳሳቱ። ከመጀመሪያው በኋላ የመጡት የቀደመው ምን እንዳለ እያወቁ ነበር የተመለከቱት። አልተለያዩም።

በኢትዮጵያ ምድር የደረሰው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከነፋሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር፤ ያም አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠው። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ዋና ማስተካከያ ሥርዓቱ ሁለቱንም እንዲያነጻጽርና ካልተስማሙ ሥራውን እንዲያቆም ማድረግ ነው። ኦሪት በአንድ ምስክር ሰው አይሙት ያለችውን መሐንዲሶቹ በዚህ ዋጋ ተማሩት። የሟቾቹ ማንነት በዲኤንኤ ምርመራ ተለየ፤ በዚህ በኩል ሳይንሱ ለቤተሰቦች የሚቀብሩትን ሰጥቷል። መሣሪያው ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ ግን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን ወደ ኤሌክትሪክ ብልሽት ሲያመለክት፣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መሣሪያውን የመታው ባዕድ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ ነው ብሎ ተቃወመ። የበረራው መረጃ መቅጃ አንድ ነው፤ የተነበበው ሁለት ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕግ ለባለሙያ ቃል የሰጠው ቦታ ከሚጠበቀው በላይ የታሰበበት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪ ፖሊስ ሐኪም ተከሳሹን ወይም ተበዳዩን እንዲመረምር፣ ደምም እንዲወሰድ ማድረግ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ምስክሮችም ባለሙያዎችም ከመናገራቸው በፊት እንዲምሉ ወይም እንዲያረጋግጡ ያዝዛል። «ወይም እንዲያረጋግጡ» የሚለው ፈጽማችሁ አትማሉ የሚለውን የወንጌል ቃል እንደ ቃሉ ለሚጠብቅ አማኝ መንገድ ይከፍታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1949 ዓ.ም. ወጥቶ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም የቀጠለው አንቀጽ 51 ነው። የተከሳሹ አእምሮ ሲያጠራጥር ባለሙያ ይጠራል፤ ፍርድ ቤቱም የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው፣ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሕግ ረገድ በሚሰጠው ድምዳሜ አይገደድም። ሐኪሙ ሰውዬው ምን ዓይነት ሕመም እንዳለበት ይናገራል፤ ኃላፊ ነው አይደለም የሚለው የዳኛው ነው። ይህ መለያ መስመር ለአእምሮ ሕመም ቢጻፍም ለጣት አሻራም፣ ለዲኤንኤም፣ ለኮምፒዩተር ውጤትም ቢዘረጋ ብዙ መከራ ያስቀራል።

በወረቀት ያለውና በመዝገብ ቤት ያለው ግን ይለያያሉ። በአንድ የወረዳ የድብደባ መዝገብ ውስጥ የተለመደው የሐኪም ማስረጃ አንድ ገጽ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ ጽሕፈት ነው፤ ከግርጌው ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ቁስሉ በግራ ክንድ ላይ ነው፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው፣ በስለት ከሚደርስ ጉዳት ጋር ይስማማል ይላል። ይስማማል ማለት ከሌላ ነገር ጋር አይስማማም ማለት አይደለም፤ በቆርቆሮ ወይም በአጥር ሽቦ የተቀደደ ክንድም ሊስማማ ይችላል። ተበዳዩ የሚናገረው በጋሞኛ፣ ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ፣ ማስረጃው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጉዳዩ ለምስክር እስኪቀጠር ሐኪሙ ተዛውሮ ወይም ለትምህርት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወረቀቱ ብቻውን ይመሰክራል፤ ወረቀት ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም። ዐቃቤ ሕጉ «በሐኪም ማስረጃ ተረጋግጧል» ሲል የተረጋገጠው ክንዱ መቁሰሉ ነው፤ ማን እንዳቆሰለው ወረቀቱ አያውቅም።

ሳይንሱ በሚገባ ሲሠራበት ግን ምን ማድረግ እንደሚችል በአገሪቱ ታይቷል። በቀይ ሽብር ጊዜ ተገድለው በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አጽም፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ባደረገው ምርመራ፣ በአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን እርዳታ ተቆፍሮ ወጥቷል። ከአንገት አጥንት ጋር የቀረ ገመድ ሰውዬው እንዴት እንደሞተ ተናግሯል። ማን እንዳዘዘ የተናገሩት ደግሞ የደርግ መንግሥት የራሱ ደብዳቤዎችና ማኅተሞች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠበት ያ ክስ አጥንትን፣ ሰነድንና በሕይወት የተረፈን ሰው ጎን ለጎን አቁሟል፤ ሦስቱ ከሦስት የተለያየ ቦታ መጥተው ነው የተገናኙት።

በሌላ በኩል ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ ራሳቸውን እንዳጠፉ ይፋ አደረገ፤ ብዙ ሰው ግን አልተቀበለውም። ምርመራው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ለብቻው ያለ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ የምርመራ ውጤት በመግለጫ ሲነገርና በግልጽ ችሎት ሲጠየቅ የሚያገኘው እምነት አንድ አለመሆኑ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚል ሕዝብ ውጤቱን ብቻ አይጠይቅም፤ የተሄደበትንም መንገድ ማየት ይፈልጋል።

ከምስክርና ከወረቀት ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ ሳሊ ክላርክ የተባለች እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም በአንድ ቤት ሁለት ልጆች በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ መስክሮ ነበር። ስሌቱ የሁለቱን ሞት እንደማይገናኙ አድርጎ አንዱን ዕድል በሌላው አባዛው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን የዘርም የኑሮም ምክንያት ይጋራል። ከዚያም ሰሚው «ይህ በአጋጣሚ መሆኑ ብርቅ ነው» የሚለውን «ገዳይ ናት» ብሎ ተረጎመው። ሁለት ልጆችን መግደልም ብርቅ መሆኑን ያነጻጸረ አልነበረም። በ2003 ተፈታች። እዚህም የተጣሰው የሶስና ሕግ ነው፤ ያልተለያዩ ነገሮች እንደ ተለያዩ ተቆጠሩ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚነሣው ክርክር በዚህ ሁሉ ላይ የቆመ ነው። ለማሽኑ የሚከራከሩት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ማሽን ጉቦ አይበላም፣ ለዘመዱ አያደላም፣ አይፈራም፣ አይደክምም። የዓይን ምስክር የሚታመነውን ያህል የሚታመን አይደለም፤ በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ነጻነታቸው ከተረጋገጠላቸው እስረኞች ከግማሽ በላይ የሆኑት ላይ ምስክር በስሕተት ጠቁሟል። ዲኤንኤ በወንጀል ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ ሲሠራበትም መጀመሪያ ያደረገው ወንጀለኛውን መያዝ ሳይሆን፣ አንደኛውን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ የተናዘዘን አንድ ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር። የሰው ቃል፣ የራሱ ኑዛዜ እንኳ፣ ሐሰት ሆነ፤ ዝምተኛው ናሙና እውነት ሆነ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ናሙናው ያዳነው ሌላ ሰው ሊደግመው፣ ሊያጣራው፣ ሊቃወመው ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበለት ጉዳይ ሌላ ነው። ኮምፓስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አንድ ተከሳሽ ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ብሎ ነጥብ ሰጠው፤ ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ ግን የኩባንያው የንግድ ምስጢር ነው ተባለ። ፍርድ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ጨምሮ፣ ብቸኛ ምክንያት እስካልሆነ ድረስ ብሎ ፈቀደው። ለኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የመረጃ ተቋም ሪፖርት ምንጩንና የተገኘበትን ዘዴ ባይገልጽም በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር፤ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ምንጩን የማይናገር ሪፖርትና ስሌቱን የማይገልጥ ፕሮግራም በፍልስፍና ዓይን አንድ ናቸው። ሁለቱም ተከሳሹን ከየትኛው ዛፍ ሥር ብሎ እንዳይጠይቅ ያደርጉታል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ተደንግጎ ሳለ።

ማሽኑ የሚማረው ከተሰጠው መረጃ ነው፤ የኦቾሎ ሸንጎ ክፍተት እዚህ በሌላ መልክ ይመጣል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ የታወቁ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ፊት ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጭ ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስሕተት 0.8 በመቶ ነበር። ከባሕር ዳር የተነሣችው አበባ ብርሃኔም ለማሽን ማስተማሪያ በሰፊው ይሠራበት የነበረ አንድ የምስሎች ክምችት በዘረኛና በስድብ ቃላት የተሞላ መሆኑን ከባልደረባዋ ጋር አጋልጣ፣ ክምችቱ በ2020 እንዲነሣ ምክንያት ሆናለች። በመረጃው ውስጥ ያልተሰማው ሰው በውጤቱ ውስጥ ይከሰሳል። አሥር ፕሮግራሞች ቢስማሙም፣ አሥሩም ከአንድ የምስል ክምችት ከተማሩ፣ አንድ ምስክር ናቸው።

ኮምፒዩተር በአግባቡ እንደሚሠራ አስቀድሞ መገመት የሚያደርሰውን ጥፋት የእንግሊዝ ፖስታ ቤት አሳይቷል። ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ገንዘብ ጎድሏል እያለ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን የፕሮግራሙ ትክክለኛነት ነበር። ወኪሎቹ ቃለ መሐላ ፈጽመው «አልወሰድንም» ብለዋል። የእነሱ ቃል ካልማለው ማሽን ቃል በታች ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ ማሽን ከችሎት ይባረር የሚል አይደለም። የማሽን ውጤት ምልክት ነው፤ እንደ ዱካ፣ እንደ ገመድ፣ እንደ ቁስል። ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ ሊመሰክር ግን አይችልም፤ ምስክርነት ማለት አንድ ሰው «እመኑኝ፣ ሐሰት ቢሆን እኔ አለሁ» ብሎ መቆሙ ነውና። ጎሜን የሚፈራ ሰው በልጆቹ፣ በወንጌል የሚምል በነፍሱ፣ ሁለቱንም የማያምን በሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል በመታሰር ይቆማል። ስለዚህ የማሽን ውጤት ወደ ችሎት ሲቀርብ የሚምልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ ወረቀት ያወጣ ሠራተኛ ሊሆን አይችልም። ፕሮግራሙ ከምን እንደተማረ፣ በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደተፈተነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚስት የሚመልስ፣ መመለስ ካልቻለም «አላውቅም» ለማለት የሚገደድ ባለሙያ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ገና ሰፊ ችሎት ባያገኝም መሠረቱ እየተጣለ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነት ደንግጓል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል። ለአርባ ምንጭና ለኦቾሎ ሰው ጥያቄው ቀድሞ የሚመጣው ምናልባት በፊት መለያ ካሜራ ሳይሆን በትርጉም በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ያዝዛል። አስተርጓሚው ይቆማል፣ ይምላል፣ ጠበቃው «ያንን ቃል ድገመው» ሲለው ይደግማል፤ አውቆ አጣሞ ከተረጎመ የወንጀል ሕጉ ከሐሰተኛ ምስክርና ከሐሰተኛ ባለሙያ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ይቀጣዋል። ለእንግሊዝኛ ወይም ለአማርኛ የተሠራ ፕሮግራም ብዙ ጽሑፍ አንብቧል፤ በጋሞኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፣ በዱቡሻ የተነገረው ደግሞ ከነአካቴው አልተጻፈም። አንድ የኦቾሎ ገበሬ ስለ ወሰን ጠብ በጋሞኛ የተናገረውን ማሽን ወደ አማርኛ ቢመልሰውና በ«መታሁት» እና በ«ገፋሁት» መካከል ቢስት፣ በዚያ የሕግ አንቀጽ ሥር ማን እንደሚጠየቅ ከአሁኑ መወሰን ያለበት የሕግ አውጪው ሥራ ነው።